ከበር ውጭ የተሰቀለ ስልክ

ሴፕቴምበር 4

ዝናብ። ጋራዡ ውስጥ ስድስት አውቶቡስ ቆሟል። የ212 ፍሬን ተቀየረ። የ207 በር አሁንም አልዘጋ ብሏል።

በምሳ ሰዓት ዜና አነበብኩ። አዲሱ ስልክ ወጥቷል። ምን አዲስ ነገር አለው?

1. ሳስቷል። (ይሳሳልን ብሎ የለመነው ማነው?)
2. ካሜራው አራት ዓይን ሆኗል።
3. ባትሪው አይወጣም። እሱ እንኳ አዲስ አይደለም።
4. ሲስተሙ ከላይ እስከ ታች ተቀይሯል። ለድሮዎቹ ስልኮችም ይመጣል።

አራተኛው ነው ያሳሰበኝ። ሲስተም ሲነካ የልጄ የብሪታ አፕ ሊበላሽ ይችላል። ልጄ ከአስራ አንድ ዓመቷ ጀምሮ ስኳር አለባት። ክንዷ ላይ የተለጠፈች ሳንቲም የምታክል ሴንሰር በየአምስት ደቂቃው ቁጥር ትልካለች... መጀመሪያ ወደ እሷ ስልክ፣ ከዚያ ወደ እኔ። ስኳሯ ስንት እንደሆነ ቁጥር፣ ወዴት እንደሚሄድ ቀስት። ሰባት ዓመት ሙሉ ቁጥሯን ሳላይ ሹካ አንስቼ አላውቅም።

ለስተር ሳንድዊቹን እያላመጠ፣ "ዛሬ ደግሞ የትኛውን ዕቃ ረገምክ?" አለኝ። ሃያ ዓመት አብረን ሞተር ስንፈታ ኖረናል፤ አመሌን ያውቃል።

"ፍሪጅ ላይ ቴሌቪዥን ገጥመዋል።"

"ታዲያ ምናለበት? ወተት ሳወጣ ኳስ አያለሁ።"

"ሲበላሽ ወተቱም ኳሱም ይሄዳል።"

"አንተ ሰው፣ ሚስትህ እንዴት ነው የቻለችህ?"

ብሪታ ኮሌጅ ከገባች አስራ አንደኛ ቀኗ። ማርኬት የምትባል ከተማ። ከዚህ ከዱሉዝ አምስት ሰዓት በመኪና። ቁጥሯ 118፣ ቀስቱ ቀጥ ያለ። ጥሩ።

ሴፕቴምበር 9

ከሰዓት በኋላ 71፣ ቀስቱ ወደ ታች። "ጁስ ጠጪ" ብዬ ጻፍኩላት። ዝም። "ጁስ!!" ዝም። ደወልኩ።

"አባዬ፣ ክፍል ውስጥ ነኝ!" በሹክሹክታ።

"ጠጣሽ?"

"አንተ ሳትጽፍልኝ ጠጥቻለሁ። አሁን አርባ ሰው ዞሮ እያየኝ ነው።"

ማታ ሕግ ጽፋ ላከች።

1. ትምህርት ሰዓት ላይ አትደውል።
2. ከ55 በታች ካልሆነ አትጻፍ።
3. ኖላን በጭራሽ አትጠይቃት። (አብራት የምትኖረው ልጅ ናት።)
4. በቀን ከአንድ ዜና በላይ አትላክልኝ።

"እሺ" አልኩ። ግን አራተኛው ምን ማለት ነው? ዛሬ የላክኩት ሦስት ብቻ ነው። ኪስ ውስጥ የነደደው ባትሪ፣ ሳሎን ተቀምጦ ሰው የሚያዳምጠው ድምጽ ማጉያ፣ ካሜራ ያለው መነጽር። ሦስቱም ሊያውቋቸው የሚገቡ ናቸው። ለእኔ ብዬ ነው እንዴ?

ሴፕቴምበር 14

ይሄው ዜና። የድሮው ሲስተም ቀዳዳ አለው፣ ሌባ ይገባበታል፣ ሁሉም ሰው ቶሎ ይቀይር። ባለፈው ሳምንት እኮ "አትቸኩሉ" ሲሉ ነበር! የትኛውን ልመን?

አሰብኩ። አሰብኩ። "ዛሬውኑ ቀይሪው" ብዬ ላክሁላት።

"ጥናት ላይ ነኝ፣ ለነገ ይቅር?"

"ዛሬ።"

"ቀየርኩት። ተኛ አሁን።"

ሴፕቴምበር 21

ምን አደረግኩ? በቅደም ተከተል ልጻፈው።

1. ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ቁጥሯ 96። ቀስቱ ትንሽ ዘንበል ያለ።
2. ከዚያ ቁጥር የለም። ሰረዝ ብቻ።
3. ሃያ ደቂቃ። ሰረዝ። ደወልኩ፣ አታነሳም። ኖላ ጋ ደወልኩ፣ እሷም አታነሳም። (ሕግ ቁጥር 3 ፈረሰ።)
4. አርባ ደቂቃ። ሰረዝ። ሚስቴ ካሪን ገበያ ሄዳለች። ተው የሚለኝ ሰው የለም።
5. የኮሌጁ ግቢ ጥበቃ ጋ ደወልኩ። "ልጄ ራሷን ስታ ወድቃ ይሆናል" አልኳቸው።

አልወደቀችም። ሳውና ውስጥ፣ የእንፋሎት መታጠቢያ ውስጥ ነበረች። ሐይቁ ዳር፣ ከእነ ኖላ ጋር። ስልኳ ውጭ፣ ከልብሷ ጋር። ሴንሰሩ ከስልኩ ሲርቅ ቁጥር አይልክም... ይሄን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። ሁለት ዘበኛ ከማደሪያዋ ልጆች ጠይቀው መጥተው፣ በሩን ደብድበው፣ "ብሪታ ኤክሉንድ የቷ ናት?" አሏቸው። በፎጣ ወጣች።

ጓሯችን ያለውን ሳውና በእጄ የሠራሁት እኔ። በሩ ላይ ምስማር መትቼ፣ "ሰዓትም ስልክም እዚህ ይሰቀላል፣ ወደ ውስጥ ይዞ መግባት የለም" ያልኩ እኔ። ስድስት ዓመቷ ነበር ያኔ። አርባ ደቂቃ ሙሉ ሳውና እንዴት አንዴ እንኳ ትዝ አላለኝም?

ደወለች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

"ግቢው ውስጥ ምን እያሉኝ እንደሆነ ታውቃለህ? ተፈላጊዋ። 'ተፈላጊዋ መጣች፣ እጅ ወደ ላይ።'"

ልስቅ ነበር። እሷ ግን አልሳቀችም።

ሴፕቴምበር 23

ከአፑ አንድ መስመር መጣ። "ብሪታ መረጃዋን ለእርስዎ ማጋራት አቁማለች።"

እርስዎ።

ሴፕቴምበር 24

ቁጥሯ የነበረበት ቦታ ባዶ ነው። ዛሬ ስልኬን ስንቴ እንዳወጣሁ በጠመኔ ግድግዳው ላይ ምልክት አደረግኩ። ከምሳ በፊት ሰላሳ አንድ። ከዚያ ተውኩት።

ካሪንን፣ "ለአንቺ ይታይሻል?" አልኳት።

"ለእኔም አይታየኝም። ለማንም።"

"ዝም ብለሽ ተቀበልሽ?"

"አስራ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ሰውዬ። ዘበኛ ላክህባት እኮ።"

ኦክቶበር 3

በረዶ ጣለ፣ ገና በጊዜ። ለስተር አዲሱን ሰዓት ገዛ። የልብ ምት ይቆጥራል፣ እንቅልፍ ይቆጥራል፣ "ተነስ ተንቀሳቀስ" ይላል። "ሚስቴ በነጻ ትለኝ የነበረውን" አለ። ሌሎቹ ሳቁ። እኔ ሰዓቱን እያየሁ፣ የሌላ ሰው ልብም ይቆጥራል ወይ? ብዬ ልጠይቀው ነበር። ተውኩት።

በየእሁዱ ለእናቷ ትደውላለች። እኔን "ሰላም በይው" ትላለች።

ኦክቶበር 15

ጠዋት ቡና ይዤ ዜናውን ከፈትኩ። ቡናው እዚያው በረደ።

የሴንሰሩ ፋብሪካ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። አዲሱ ሲስተም በተጫነባቸው አንዳንድ ስልኮች ላይ፣ ስኳር ሲወርድ የሚጮኸው ማንቂያ ድምጽ አያሰማም። የስልኮቹ ዝርዝር አለ። ሦስተኛው የብሪታ ነው።

ያን ስልክ የገዛሁላት እኔ። "ዛሬውኑ ቀይሪው" ያልኩ እኔ።

ዜናውን ላክሁላት። አላየችውም። ሁለት ጊዜ ደወልኩ። ሦስት። አታነሳም። ለምን ታንሳ? ከሴፕቴምበር ወዲህ የላክሁላትን ወደ ላይ እየጎተትኩ አየሁ... ባትሪ፣ ድምጽ ማጉያ፣ መነጽር፣ መጥረጊያው ሮቦት፣ ባትሪ፣ ባትሪ። ስሜን አይታ ዝም ብትል ማን ይፈርድባታል?

የግቢው ጥበቃ ቁጥር ስልኬ ላይ አለ። ጣቴ ላዩ ላይ ነበር። ካሪን ከእጄ ላይ ወሰደችው።

"እንደገና?"

"አንብቢው! ይሄኛው እውነት ነው።"

አነበበች። ፊቷ ተለወጠ። በራሷ ስልክ ደወለች፤ በሁለተኛው ጥሪ ተነሳ። ቅናት ነው መሰለኝ ደረቴን የወጋኝ። ልጄ በሕይወት መኖሯን እየሰማሁ ቀናሁ።

"አውቃለሁ፣ እማዬ" ስትል ይሰማኛል። "አስተካክዬዋለሁ። ከሴንሰሩ ጋር የመጣችውን የድሮዋን ትንሿን ማሽን ነው የምይዘው፣ እሷ ትጮሃለች። ለአባዬ ንገሪው።"

ተንፍሼ ተቀመጥኩ። ግን... ዜናው የወጣው ዛሬ ጠዋት ነው። እንዴት ቀድማ አወቀች?

ኖቬምበር 26

ለምስጋና በዓል መጣች። ከስታ ይሆን? ፀጉሯን አሳጥራለች። አቀፈችኝ፣ አጥብቃ። ክንዷ ላይ ሴንሰሩ እጄን ነካው። ምንም አልጠየቅሁም። ካሪን ከኋላ ሆና ታየኛለች።

ኖቬምበር 27

ከዳክዬውና ከድንቹ በኋላ (የበዓሉን ወፍ፣ ተርኪን፣ በቤታችን ማንም አይወድም) ሳውናውን አነደድኩ። ገብታ፣ ልብሷን ደርባ ወጥታ፣ ደረጃው ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። በረዶ። ከሰውነቷ እንፋሎት ይወጣል። ስልኳ በሩ ላይ፣ ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል።

"አባዬ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። አትነሳም፣ አትጮህም።"

"እሺ።"

"ኦክቶበር 11 ወድቄ ነበር።"

በጣቴ ቆጠርኩ። ከዜናው አራት ቀን በፊት።

"ልብስ ማጠቢያው ክፍል። ስልኩ ኪሴ ውስጥ ነበር፣ ድምጽ የለም። ኖላ ናት ያገኘችኝ። ካልሲዬን ደጋግሜ እያጠፍኩ ዝም ብዬ እስቅ ነበር አለችኝ። ከዚያ ተዘረጋሁ። ማርማላታ በጣቷ አፌ ውስጥ ከተተች። ስነቃ 41 ይላል።"

41።

"ለምን አልነገርሽንም?"

"ነግሬህ ቢሆን ዛሬ እዚያ እማር ነበር?"

ማታውኑ መኪና አስነስቼ፣ ከነሻንጣዋ ጭኛት እመጣ ነበር። ታውቀኛለች።

"እየተከታተልኩሽ ቢሆን አየው ነበር" አልኩ። ልለው አልፈለግሁም። ወጣ።

"አውቃለሁ። እኔም አስቤዋለሁ።" በረዶውን በእግሯ ጫረች። "ግን የሚገርምህ ምን መሰለህ? ያን ቀን ከንፈሬ ደንዝዞ ነበር። ከመውደቄ ሩብ ሰዓት በፊት። ሰውነቴ ነግሮኛል፣ እኔ ቋንቋውን አላውቀውም። ሰባት ዓመት ቁጥሩ አንተ ጋ ነበር። አንተ 'ጁስ' ስትል እጠጣለሁ። ራሴን ሰምቼ አላውቅም፣ አባዬ። አንድም ቀን።"

"ይቅርታ ልጠይቅሽ?"

"አይ። በሕይወት አቆይተኸኛል። ግን አልመልስህም። እዚያ አፕ ላይ ማለቴ ነው።"

"እሺ" አልኩ።

ከዚያ ተነስታ በሩ ጋ ሄደች። ስልኩን ሳትነካ ዓይኗን ጨፈነች። "ዘጠና... ዘጠና ሁለት" አለች። አወረደችው፣ አየችው። ትንሽ ፈገግ አለች። ኪሷ ከተተችው።

ስንት ነው አላልኩም። ጥርሴን ነክሼ ነው ያላልኩት።

ኖቬምበር 30

ሄደች። መንገዱ በረዶ ነው፤ ደርሻለሁ ብላ ጻፈች። ለእኔ።

ዲሴምበር 1

የ207 በር ተሠራ። ማጠፊያው ነበር፣ ሁላችንም ሽቦውን ስንፈትሽ ሦስት ወር።

ለስተር፣ "የዛሬው ዕቃ ምንድነው?" አለኝ።

"አላነበብኩም።"

"ታመሃል?"

"ለኖላ የሚላክ ማርማላታ የት ጥሩ አለ?"

"ኖላ ማናት?"

ነገርኩት። ሁሉንም፣ 41ንም። ሳንድዊቹን አስቀመጠ። አልቀለደም።

ፍርሃቱ አልሄደም። እንዲያውም ብሷል፤ ድሮ ቁጥር ነበረው፣ አሁን የለውም። በምሳ ሰዓት እጄ ብቻዋን ኪሴ ገባች። ስልኩን አውጥቼ ከመፍቻዎቹ ጋር መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት፣ ዘጋሁት። ሹካዬን አነሳሁ።

አሁን ስንት እንደሆነች አላውቅም። እሷ ታውቃለች።