ከሸክላ ሠሪዋ ላይ ስለተነሣው ብርሃን

በደጀ ሰላም ለቆመ ምእመን ሁሉ ጮክ ተብሎ እንዲነበብ።

ይድረስ ለክቡር አባታችን ለአለቃ ገብረ ጻድቅ። እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን ያጽናልዎ፤ የአንኮበር ብርድም አይንካዎ። የደብራችሁን ግድግዳ ሁለት ዓመት ስሥል የኖርኩት እኔ ወልደሩፋኤል፣ ከንዴቴ በቀር ደኅና ነኝ። ስለዋሉልኝ ውለታ ላመሰግንዎ ተነሣሁ።

አንደኛ፤ በምዕራቡ ግድግዳ ከግርጌ ሌዋታንን በባሕሩ፣ ብሔሞትን በበረሃው፣ ከበላያቸው ቅዱስ ዑራኤል የፀሐይን ደጅ ሲከፍት ሥዬ፣ ብርሃኑ በሁለቱ አውሬዎች መካከል በቆመች ሴት ላይ እንዲወርድ ማድረጌን አይተው «ይህች ደግሞ ማን ናት?» ብለው ስለጠየቁኝ አመሰግናለሁ። በሰለች ናት፤ ለብርሃኑ ቀለም የሆነውን ቢጫ አፈር ከቆላው አፋፍ በጀርባዋ ያመጣችልን ሸክላ ሠሪ።

ሁለተኛ፤ «ብርሃን በቡዳ ላይ አይወርድም» ብለው ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። እኔ ደንቆሮው ፀሐይ በየማለዳው ጎጆዋ ላይ ስትወጣ እያየሁ ተሳስቼ ኖሯል። እርሷን አጥፍቼ በቦታዋ እርስዎን እንድሥል ሲያዙኝ እጄ እንቢ ቢለኝ፣ ገብረአብ የሚባል ሠዓሊ ከመዘዞ አስመጥተው በቢላዋ አስፋቋት፤ በቦታዋም ራስዎን አሣሉ።

ሦስተኛውን በምስጋና ልጽፈው ብሞክር አልሆነልኝም። በሰለች ለዑራኤል በዓል ነጭ ለብሳ፣ እናቷን ይዛ ሥዕሏን ልታሳያቸው መጣች። ግድግዳውን ቀና ብላ አየችና ወደ እኔ ዞራ «አያ ወልደሩፋኤል፣ ምን አጠፋሁ?» አለችኝ። የእናቷን እጅ ይዛ ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ ከቅጥሩ ውጭ ቆማ ታስቀድሳለች እንጂ አትገባም። እኔም ከአጠገቧ ቆሜያለሁ።

እርስዎ ከተሣለልዎ ብርሃን፣ እኛ ከውጭው ፀሐይ ሳንለይ፣ መስቀልዎን ከሩቅ፣ እጅግም ከሩቅ ተሳልሜ እጅ የምነሣዎ፣

ትእዛዝዎን ያልፈጸመው ወልደሩፋኤል
ጎረቤላ፣ ጥር ፳፱ ቀን ፲፰፻፸፱ ዓ.ም.

ሳልነግርዎ የቀረ፤ ገብረአብ ቦታው ቢጠበው እርስዎን በጎን ሥሎ አንድ ዓይን ብቻ አውጥቶልዎታል። በሀገራችን ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይኑ፣ ሰይጣን በአንድ ዓይኑ እንደሚሣል ለእርስዎ መንገር ድፍረት ይሆንብኛል። ያዩ እንደነገሩኝ ግን፣ እማሆይ ለተጊዮርጊስ ትናንት ሥዕሎቹን በተራ ሲሳለሙ ከእርስዎ ዘንድ ደርሰው አማተቡና «ከዚህስ ይሰውረን» ብለው አለፉ።