የገለቴ ወገን

ለልጅ ልጄ ለያኔት፤

የሰበታ ሕዝብ ሁሉ ይወቀው ተብሎ ታውጇል፦ የአያትሽ የቦጂያ ቀበቶ አዲስ ቀዳዳ ተበስቶለታል፤ ያውም ሆዱ ገፍቶ ወደ ጫፉ! ጤናሽስ እንዴት ነው? መድኃኔዓለም በሰው አገር ክንፉን ይዘርጋልሽ።

አያትሽ ገለቴ ካረፈች አምስት ወር ሆኗታል፤ እናትሽ ግን ለመቀነስ አንጀቷ እምቢ ብሏት ትሪውን ዛሬም ለሁለት ሰው ታቀርባለች። እኔም በገለቴ ወገን ያለውን ጭምር ጠርጌ እበላ ነበር።

ሐኪሙ፣ «ኦቦ ቦጂያ፣ ስኳርዎ አሻቅቧል፤ እንዲህ የሚበሉት ምን ሆነው ነው?» አለኝ።

«ሚስቴ ናፍቃኝ» ስለው ሳቀ። እኔ አልቀለድኩም ነበር።

አሁን ማዕዱን ስባርክ እንጀራው መሐል ላይ በጣቴ መስቀል እሠራለሁ። ከመስቀሉ ወዲያ የገለቴ ነው፤ ለቤተ ክርስቲያን ደጅ ነዳያን ይሄዳል። እጄ ልሻገር ሲል «የዕለት እንጀራችንን ስጠን ዛሬ» እላለሁ፤ የዕለቱን እንጂ የሟችን ድርሻ ጨምርልኝ አላልኩም። በእግዚአብሔር ኃይል ይኸው አርባ ቀን አልተሻገርኩም።

አንቺም ብቻሽን ስትበዪ አማትቢ። ስትደውዪ ደግሞ እባክሽ በምሳ ሰዓት ይሁን። ዕድሜሽን ያርዝመው፤ በሰላም ያገናኘን።

አርባ ቀን ያልኩሽ ውሸት ነው። ትናንት ተሻግሬ የእሷንም በላሁት፤ በልቼም አልጠገብኩም። ዛሬ እንደገና አንድ ብያለሁ።

አያትሽ ቦጂያ