ባቡሩ በሰዓቱ ገባ፤ እኛ ግን በማግሥቱ ደረስን

አቃቂ፣ የካቲት ፳ ቀን ፲፱፻፶፩ ዓ.ም.

ለተከበሩ የመንገደኞች ጉዳይ ሹም
በባቡሩ መሥሪያ ቤት
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የጤናዎን ነገር እጠይቃለሁ። ወገብዎን፣ ጉልበትዎንና በተለይም የሚቀመጡበትን የሰውነት ክፍል እግዚአብሔር ይጠብቅልዎ። ይህን የምመኝልዎ ከልቤ ነው፤ በሦስተኛ ማዕረግ ከአቃቂ ድሬዳዋ ደርሼ ከተመለስኩ ወዲህ እነዚህ ሦስቱ ምን ያህል የከበሩ ስጦታዎች እንደሆኑ ተረድቻለሁና። እኔም ለቸርነቱ ምስጋና ይግባውና ይህን ደብዳቤ ቆሜ የምጽፍ ከመሆኔ በስተቀር ደኅና ነኝ።

ስሜ ፈየራ ኩምሳ ይባላል። እዚህ አቃቂ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ በር ላይ ቆሜ የሠራተኛውን መግቢያ ሰዓት የምመዘግብ ሰው ነኝ። አምስት ደቂቃ የዘገየውን «ዘገየ» ብዬ ስጽፍ አሥራ አንድ ዓመቴ ሲሆን፣ በዚሁ ምክንያት ብዙ ወዳጅ የለኝም። ይህንንም ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍኩት ክቡርነትዎን ለማሳፈር ሳይሆን፣ ቀደም ሲል አሽጌ የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች ምናልባት በባቡር ተልከው ይሆናል፣ እስከ ዛሬ ስላልደረሱዎት ነው።

የነገሩ መነሻ የራስዎ ማስታወቂያ ነው። ባለፈው ታኅሣሥ በአቃቂ ጣቢያ ግድግዳ ላይ «በአውሮፕላን ፈንታ በባቡር የሚሄድ መንገደኛ ምን ይጠብቀዋል» የሚል አምስት ተስፋዎችን የያዘ ጽሑፍ በፊርማዎ ተለጥፎ አነበብኩ። እኔ ደግሞ በፊርማ የምገዛ ሰው ስለሆንኩ አመንኩት።

ያን ጊዜ በቤታችን አንድ ትልቅ ጉዳይ ነበረ። የወንድሜ ልጅ ሁንዴ፣ በዚሁ ፋብሪካ ማሽን ጠጋኝ የሆነው፣ ብዙወርቅ የምትባል ልጅ ወድዷል። ብዙወርቅ አክስቷ ዘንድ ተቀምጣ በፋብሪካው ክሊኒክ ቁስል ስታጥብ ሁለት ዓመት አቃቂ የኖረች ናት፤ ሁንዴም በነዚያ ሁለት ዓመታት ጣቱን ያልቆረጠባቸውን ሳምንታት መቁጠር ይቀላል። ልጅቱ ወደ አባቷ ቤት ወደ ድሬዳዋ ስትመለስ እኛም ሽማግሌ ልንልክ አሰብንና ለአባትየው ለአቶ ወልደሚካኤል ጻፍን። አቶ ወልደሚካኤል በክቡርነትዎ መሥሪያ ቤት ሠላሳ ዓመት ፍሬን ያዥ ሆነው አገልግለው ጡረታ የወጡ፣ ሰዓትን ከሃይማኖት ቀጥሎ የሚያከብሩ ሰው ናቸው። መልሳቸውም አጭር ነበር፦ እሑድ የካቲት ፩ ቀን፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት፤ ቀጠሮ የማያከብር ሽማግሌ ግን ደጄን አይርገጥ።

ሽማግሎቹ ሦስት ነበርን። አንደኛው የሰፈራችን ታላቅ አቶ ኦላና፣ ሁለተኛው ባለሱቁ ሙህዲን፣ ሦስተኛው እኔ። ሙህዲን ገና ከጅምሩ በአውሮፕላን እንሂድ ብሎ ነበር፤ ከልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥቶ አንድ ሰዓት ተኩል ነው፣ ሄደን ልጅቱን ጠይቀን ለምሳ እንመለሳለን አለ። እኔ ግን የክቡርነትዎን ማስታወቂያ ከደብተሬ አውጥቼ ከአንድ እስከ አምስት አነበብኩለት። አቶ ኦላናም እግሬ መሬት ሳይነካ የሰው ልጅ አልጠይቅም ብለው ድምፃቸውን ለባቡሩ ሰጡ። እንግዲህ ጥፋቱ በሙሉ የእኔ ነው፤ ክቡርነትዎ ከደሙ ንጹሕ ነዎት። ቢሆንም ተስፋዎችዎ እንዴት እንደተፈጸሙልን በቅደም ተከተል ባቀርብ ቅር እንደማይሰኙ አምናለሁ።

፩ኛ፦ «ባቡር ቀጠሮ አክባሪ ነው» ብለዋል። ቅዳሜ ጥር ፴ ቀን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት አቃቂ ይደርሳል የተባለው ባቡር ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ደረሰ። ስንጠብቅ ከሳሪስ አቦ የተነሡ ሁለት ባለ አህያዎች አልፈውን ሄዱ፤ ዕቃቸውን አራግፈው ሲመለሱም እዚያው አገኙንና ደኅና ዋላችሁ ብለውናል። ይህ ለትምህርት ሆኖናል። ባቡሩ ከመጣ በኋላ ግን ቸኩሎ ነበር፤ የቆመው አንዲት ደቂቃ ብቻ ነው።

፪ኛ፦ «መንገደኛው ተረጋግቶ በምቾት ይሳፈራል» ብለዋል። ባቡሩ ከአዲስ አበባ ሞልቶ ስለመጣ በሩ በሰውና በዶሮ ተዘግቷል። ስለዚህ ልጅ ለመጠየቅ የሚሄዱት ትልቅ ሰው አቶ ኦላና ነጭ ጋቢያቸውን እንደለበሱ በመስኮት ገቡ። ሙህዲን ከኋላ ሆኖ «አባባ፣ ራስዎን ብቻ ዝቅ ያድርጉ፣ ሌላውን ለኔ ይተዉት» እያለ ሲገፋ፣ እርሳቸው ግማሽ አካላቸው ውስጥ ገብቶ «አንተ ሙህዲን፣ የምትገፋው የስኳር ጆንያ አይደለም» ቢሉት፣ «ጆንያማ መቼ ይናገራል፣ አባባ» ብሎ መለሰላቸው። በሰባ ዓመታቸው እንደ ጎረምሳ በመስኮት እንዲገቡ ስላደረጓቸው አቶ ኦላና ክቡርነትዎን አመሰግናለሁ በልልኝ ብለዋል። የተናገሩት በትክክል በዚህ ቃል አልነበረም፤ ትርጉሙ ግን እዚያው አካባቢ ነው።

፫ኛ፦ «ከአየር ላይ የማይታየውን የአገር ውበት ከመስኮት ይመለከታል» ብለዋል። ይህስ እውነት ነው፤ አዋሽን አየናት። አሥር ሰዓት ላይ አዋሽ ስንደርስ፣ ከታች የሚመጣ የዕቃ ባቡር አለ ተባለና ወደ ጎን ሐዲድ ገብተን ቆምን። ከቅዳሜ አሥር ሰዓት እስከ እሑድ ረፋድ አራት ሰዓት ድረስ ያንኑ አንድ ግራር ተመለከትን። የካቲት ፩ ቀን ጠዋት፣ ለቀጠሯችን ሁለት ሰዓት ሲቀር፣ አውሮፕላን በላያችን አለፈ። አቶ ኦላና እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ወዴት ነው የሚሄደው ብለው ቢጠይቁ፣ ሙህዲን ቀና ሳይል «ወደ ብዙወርቅ ነዋ» አላቸው። ለቀልድ ነበር የተናገረው፤ ትንቢት መሆኑን ያወቅነው ከሰዓት በኋላ ነው።

የጠበቅነው የዕቃ ባቡርም በመጨረሻ በክብር አለፈ። የተጫነው የጥጥ ጥቅል ነበር፤ በየጥቅሉ ላይ የተጻፈውን ሳነብ ተቀባዩ የእኔው ፋብሪካ ሆኖ አገኘሁት። ሁንዴ በማግሥቱ ያንኑ ጥጥ የሚፈትሉትን ማሽኖች ዘይት ሲቀባ ውሏል፤ ማን መንገዱን እንደዘጋበት አላወቀም። ለጥጥ ያለዎትን አክብሮት አደንቃለሁ። ጥጥ ቀጠሮ እንዳለው አላውቅም ነበር።

፬ኛ፦ «በየጣቢያው ትኩስ ምግብ ይቀርባል» ብለዋል። አዋሽ ላይ ትኩስ የነበረው ሐዲዱ ብቻ ነው።

፭ኛ፦ «ሠራተኞቻችን ትሑታን ናቸው» ብለዋል። ናቸው። ቲኬት ተቆጣጣሪው እንደቆምን ሦስት ጊዜ መጥቶ ቲኬታችንን አየ፤ ወርደን እንዳንጠፋ ይሆናል። እሑድ ጠዋት አቶ ኦላና «ልጄ፣ ኧረ መቼ ነው የምንደርሰው?» ቢሉት ኮፍያውን አውልቆ፣ እጅ ነሥቶ፣ «አባባ፣ በፕሮግራሙ መሠረት እኮ ትናንት ማታ ደርሰናል» አላቸው። እንዲህ ያለ ትሕትና ሰውን ዝም ያሰኛል።

ክቡር ሆይ፣ እስካሁን የጻፍኩት ምስጋና ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም።

ድሬዳዋ የገባነው እሑድ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ነው። አቧራችንን ሳናራግፍ ወደ አቶ ወልደሚካኤል ቤት ሮጥን። በሩ ላይ ስንደርስ ሌሎች ሦስት ሽማግሎች፣ ካባቸው እንኳ ሳይጨማደድ፣ እየተሸኙ ሲወጡ ተገናኘን። በጉምሩክ የሚሠራ አንድ ሰው ብዙወርቅን እንዲጠይቁለት በዚያው ጠዋት በአውሮፕላን የላካቸው ኖረዋል። አቶ ወልደሚካኤል የኪስ ሰዓታቸውን እንደያዙ ደጃፉ ላይ ቆመው ቁልቁል አዩን። ዘግይተናል፣ ጥፋቱ ግን የባቡሩ ነው ብዬ ልናገር ስጀምር አቋረጡኝ። «ባቡሩ ትናንት ማታ በሁለት ሰዓት ገብቷል» አሉ። «ዛሬ ጠዋት ጣቢያ ሄጄ መዝገቡን በዓይኔ አይቻለሁ። ሌሊቱን የት እንዳደራችሁ አልጠይቅም። ሠላሳ ዓመት አገልግያለሁ፤ የዘገየ ባቡር ወረቀት አለው። ወረቀት ከሌለው የዘገየው ሽማግሌ ነው።»

አቶ ኦላና በሕይወታቸው ውሸታም ተብለው አያውቁም። ያን ቀን ተባሉ፤ ጋቢያቸውን ብቻ ወደ ላይ ሳብ አደረጉት።

ልንወጣ ስንል ብዙወርቅ ውኃ ይዛ መጣች። አባቷ ፊታቸውን እስኪያዞሩ ጠብቃ ሙህዲንን በቀስታ «ጋሼ ሙህዲን፣ እኔ ወረቀት አልጠየቅኩም» አለችው። «አባዬ ግን ማኅተም ካላየ ፀሐይ መውጣቷንም አያምንም። ለሰውየው መልስ የሚሰጠው የቅበላ ዕለት ነው። እባካችሁ ወረቀቱን ፈልጉልኝ።»

ጣቢያ ሄደን መዝገቡን አየን። እውነትም ባቡራችን ጥር ፴ ቀን ማታ ሁለት ሰዓት ገብቷል፤ ተፈርሞበታልም። ጸሐፊው እንዳስረዳን የመግቢያው ሰዓት በመዝገቡ ላይ አስቀድሞ ታትሞ ነው የሚመጣው፣ እነርሱ ፊርማ ብቻ ነው የሚያኖሩት፤ ዘገየ ብሎ የጻፈ ሁሉ ለምን ዘገየ ተብሎ ስለሚጠየቅ እስከ ዛሬ የጻፈ የለም። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሠራተኛው ከገባ በኋላ ስመዘግብ ኖሬአለሁ። ሳይመጣ በፊት መመዝገብ እንደሚቻል ባውቅ በዚህ ፋብሪካ አንድም ሰው አይዘገይም ነበር፣ እኔም ወዳጅ አላጣም ነበር።

ከዚያ በኋላ የክቡርነትዎን ዋና መሥሪያ ቤት አራት መስኮቶች አንኳኳሁ። የመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው፣ ሁለተኛው ወደ ሦስተኛው መራኝ፤ ሦስተኛው ምሳ ሄዷል። አራተኛው ግን ሰው ነበረበት፤ ጉዳዬን በትዕግሥት ሰማና ላልዘገየ ባቡር የመዘግየት ማስረጃ መስጠት ሐሰተኛ ሰነድ ማዘጋጀት እንደሆነ አስረዳኝ። ባዶ እጄን እንዳልመለስ አዝኖልኝ ግን፣ ባቡሩ በሰዓቱ መግባቱን የሚያረጋግጥ ወረቀት በወይን ጠጅ ቀለም ማኅተም አትሞ ሰጠኝ። ሙህዲን ስኳር ልጠቅልልበት አለ፤ ከለከልኩት። ከመሥሪያ ቤትዎ በዕለቱ የደረሰልኝ ነገር እርሱ ብቻ ነውና።

እነሆ ዛሬ ዓርብ ነው፤ ቅበላ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። የቅበላ ዕለት አቶ ወልደሚካኤል ልጃቸውን ለጉምሩኩ ሰው ይሰጣሉ። ሁንዴ በዚህ ሳምንት ሁለት ጊዜ ጣቱን ቆርጧል፤ አሁን ግን በእውነት ሳያስበው ነው። ከምሽቱ ሥራ ሲወጣ እኔ ካለሁበት በር ላይ ይቆምና «ጋሼ፣ መልስ መጣ?» ይለኛል። አልመጣም እለዋለሁ። ከዚያ በላይ ተናግሮኝ አያውቅም። ያን ማስታወቂያ ያነበብኩት እኔ መሆኔን ያውቃል።

ስለዚህ የምለምንዎ አንዲት መስመር ናት፦ «ጥር ፴ ቀን የተነሣው ባቡር ድሬዳዋ የገባው የካቲት ፩ ቀን ከቀኑ በአሥር ሰዓት ነው።» ካሣ አልጠይቅም፣ ይቅርታም አልጠብቅም፣ የአቶ ኦላናንም ወገብ እኛው እናሸዋለን። ክቡርነትዎ እጅዎን አንድ ጊዜ ቢያንቀሳቅሱ ሁለት ልጆች ይጋባሉ፤ ባያንቀሳቅሱም መዝገብዎ እንደተከበረ ይኖራል። ምርጫው የእርስዎ መሆኑን በፍጹም ትሕትና አሳስባለሁ።

በመዝገብዎ ላይ ከሁሉ ቀድሞ የደረሰ፣ በሰውነቱ ግን ከሁሉ ኋላ የቀረ፣ እጅ ነሥቶ የሚሰናበትዎ ታዛዥዎ፣

ፈየራ ኩምሳ
(ከሽማግሎቹ አንዱ)

ግልባጭ፦
ለአቶ ወልደሚካኤል፣ ድሬዳዋ (በአውሮፕላን ፖስታ)
ለአቃቂ ገበያ ሕዝብ፣ በሙህዲን ሱቅ በር ላይ

ማስታወሻ፦ ማክሰኞ የካቲት ፳፬ ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ደብዳቤዬን በእጄ ላመጣልዎ ስል ዘግይቻለሁና ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አዲስ ነገር ተፈጠረ። ግልባጩ ቅዳሜ ዕለት የደረሳቸው አቶ ወልደሚካኤል እንዲህ የሚል ቴሌግራም ላኩ፦ «ስም ማጥፋት ነው። ዋናውን መዝገብ አዲስ አበባ መጥቼ ራሴ አያለሁ። ሰኞ በባቡር ተነሥቼ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት አቃቂ እገባለሁ። ብዙወርቅ አብራኝ አለች።» እኛም ከትናንት አመሻሹ ጀምሮ ጣቢያው ላይ ነን፤ አቶ ኦላና ወንበር አስመጥተዋል፣ ሁንዴ ኮቱን አላወለቀም። የጣቢያው ሹም አሁን መዝገቡን ገልጦ ሲያሳየን አባትና ልጅ ትናንት ማታ ልክ በአሥራ ሁለት ሰዓት ገብተዋል፤ ተፈርሞበታልም። ስለዚህ ክቡርነትዎ ስለ ወረቀቱ አይድከሙ። የምንፈልገው ማስረጃ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ በሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎዎ ውስጥ ተቀምጦ፣ የኪስ ሰዓቱን ደጋግሞ እያየ፣ በመምጣት ላይ ነው።