የጋሽ ሙከራ የሕይወት ታሪክ፣ ከካሴቱ ቀሪ ጋር

በሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ሙከራ» እየተባሉ የሚታወቁት የድምፅ መሣሪያ አከራዩ ወንድማችን፣ ከልብስ ሰፊው አባታቸውና በሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ይሠሩ ከነበሩት እናታቸው በ1953 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱት ከአባታችን የስፌት መኪና ጀርባ ባለችው አንዲት ክፍል ሲሆን ለቤቱ ሁለተኛ ልጅ ነበሩ። የመጀመሪያው፣ በአሥር ዓመት የሚበልጧቸውና በኋላ መምህር የሆኑት ታላቅ ወንድማችን ናቸው። የመጨረሻዋ ይህን የምጽፈው እኔ ነኝ። የሞተ ሰው ሁሉ ደግ፣ የሞተ ሰው ሁሉ ታጋሽ ተብሎ ሲነበብ ስለሚያናድደኝ፣ እሳቸውም ስለማይወዱት፣ እንደነበሩት አድርጌ እጽፋለሁ።

አባታችን በ1961 ዓ.ም. ሲያርፉ ታላቅ ወንድማችን በአሥራ ስምንት ዓመታቸው የማስተማር ሥራ ይዘው አባትም ወንድምም ሆኑን። ሟቹ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሰው በ1971 ዓ.ም. ቴክኒክ ትምህርት ቤት ሲገቡ፣ መጽሐፉንም የንድፍ መሣሪያውንም ያሟሉላቸው እኚሁ ወንድማችን ናቸው። ሟቹ ግን በመጨረሻው ዓመት ሁሉንም ሸጠው አንድ አሮጌ አምፕሊፋየርና ሁለት ጡሩምባ የሚመስሉ ድምፅ ማጉያዎች ተሸክመው ቤት ገቡ። እናታችን አለቀሱ። ወንድማችን አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር። ሳህናቸውን ገፋ አድርገው «እንግዲህ ጩኸት እያከራየህ ኑር» አሉና ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ሟቹ ሥራ አንድ ቃል አልተነፈሱም። አብረው ይበላሉ፣ ይጠያየቃሉ፣ ይሳሳቃሉ፤ የሥራ ነገር ሲነሳ ግን ወንድማችን ጋዜጣ ይገልጣሉ። እንዲህ ሆኖ ሃያ አራት ዓመት አለፈ።

በ1982 ዓ.ም. በመድኃኒት ቤት ተቀጥረው ይሠሩ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል። ሥራቸውም ሰፍቶ ለስብሰባ፣ ለምርቃት፣ ለሠርግ የሚጠሩ ሆኑ። መሣሪያቸው ውድ አልነበረም። የሚያከራዩት ውድ መከራየት ለማይችል ሰው ስለሆነ፣ ርካሽ ሆኖ የማያሳፍር ስፒከር መርጦ ማግኘት የዕድሜ ልክ ሥራቸው ነበር።

በ1998 ዓ.ም. ታላቅ ወንድማችን ጡረታ ሲወጡ «ለሽኝቱ ድምፁን አንተ ያዝልኝ» ብለው በገዛ አፋቸው ጠየቋቸው። ሟቹ ሳምንቱን ሙሉ ሲያፏጩ ሰነበቱ። ለዚያ ቀን ብለውም አምፕሊፋየሩ በሆዳቸው ያለ፣ ዋጋቸው ቀለል ያለ ሁለት አዲስ ስፒከሮች ገዙ። የሞከሯቸው ሱቁ ውስጥ በሙዚቃ፣ ለአሥር ደቂቃ ብቻ ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ዋት አመኑ። በዕለቱ ደግሞ ጥቁር ሳጥን በወንድሜ መድረክ ላይ አያምርም ብለው ወፍራሙን ቀይ መጋረጃ ስበው በስፒከሮቹ ጀርባ ላይ በመርፌ ቁልፍ አያያዙት። ሙቀቱ የሚወጣው በጀርባቸው መሆኑን ጠፍቷቸው አይደለም። እንዲያምር ብለው ነው።

ንግግሩ ሁለት ሰዓት ተኩል ወሰደ። ወንድማችን በመጨረሻ ተነሥተው ሁሉን አመስግነው ሲያበቁ «ታናሽ ወንድሜን በሚመለከት ግን፣ ሳልናገረው የቆየሁት አንድ ነገር» ከማለታቸው፣ ሲግል ራሱን የሚያጠፋ መሣሪያ ነውና የግራው ስፒከር ዝም አለ። ቀጥሎ የቀኙ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አይተናል። አራት መቶ ሰው ባንድ ጊዜ አጉረመረመ፣ ሟቹ መጋረጃውን ሊገነጥሉ ሮጡ፣ መጠባበቂያው ስፒከር እስኪገናኝ ወንድማችን ከመድረክ ወርደዋል። ከአዳራሹ ሲወጡ ደረጃው ላይ ወደቁ። በማግሥቱ፣ አንድ ቃል ሳይናገሩ፣ በሆስፒታል አረፉ።

ሟቹ የፊት ወንበር ላይ የነበሩትን አንድ በአንድ እየዞሩ ጠየቁ። ርእሰ መምህሩ «አመሰገኑህ» አሏቸው፤ የሒሳብ መምህሯ «በመብራት ቀለዱ መሰለኝ» አሉ፤ ዘበኛው ምንም አልሰማሁም አለ። ሚክሰሩ ላይ የተሰካው የካሴት መቅረጫ ግን ስፒከሮቹ ሲጠፉ አልጠፋም፤ ማይኩ የሰማውን ሁሉ እስከ መጨረሻው ቀድቷል። ካሴቱ ያውቃል ማለት ነው። እሳቸው ግን «ነገር» ከሚለው ቃል በኋላ ያለውን ሳይሰሙ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖሩ።

ከዚያ በኋላ ከግቢያቸው ሳይፈተን የወጣ ስፒከር የለም። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ውስጥ ያቆሙታል፤ ጀርባውን በብርድ ልብስ ሸፍነው ሦስት ሰዓት ያስጮኹታል። ካልጠፋ የወንድማችንን ካሴት ያስገባሉ። ሙዚቃ ጉድለት ይሸፍናል፣ ሰው ሲናገር ግን መሣሪያ አይዋሽም ይሉ ነበር። አርባ እርምጃ ርቀው፣ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው፣ የወንድማችን ድምፅ የወንድማችን መሆኑን ያዳምጣሉ። «ታናሽ ወንድሜን» የሚለው ሲቃረብ ተመልሰው ጣታቸውን ቁልፉ ላይ ያሳርፋሉ። «አንድ ነገር» ሲል ያጠፉታል።

ሌሎች አከራዮችም ከመግዛታቸው በፊት ወደ እሳቸው ማምጣት ጀመሩ። ፍርዳቸውን የጻፉበት ደብተር እጄ ላይ ነው። «ወፍራም ድምፁ ያጓራል፤ ሰው አያናግርም»። «ማራገቢያው ከተናጋሪው በላይ ያወራል»። «ለልደት ይሆናል፣ ለሽኝት አይሆንም»። «መልከ ጥፉ ነው፣ ስታንዱ ላይ ይወዛወዛል፤ ግን ታማኝ ነው፤ ግዛው»።

ቤቱ ግን ቤት አልነበረም። ባለቤታቸው «እዚህ ቤት ከእኔ ይልቅ ሟቹ ወንድምህ ያወራሉ» ይሉ ነበር። የጎረቤት ልጆች ንግግሩን በቃላቸው ይዘው ሲጫወቱ ይወጡታል፤ እነሱም «አንድ ነገር» ላይ ሲደርሱ ያቆማሉ፤ ቀጥሎ ያለውን የሰማ የለማ። ጠረጴዛ ላይ ስንጨዋወት ድንገት ሁላችን ዝም ካልን እሳቸው ብድግ ብለው ወደ ሶኬቱ ይሄዱ ነበር። እኔም ከልቤ እጣላቸው ነበር። አንድ ቀን ካሴቱን ነጥቄ ልከፍተው ስል እጄን ያዙኝ። «ወቀሳ ከሆነ ምን ይውጠኛል? ምርቃት ከሆነስ በምን አንጀቴ እችለዋለሁ?» አሉኝ። ተውኩት። መተዌ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በ2014 ዓ.ም. ጆሯቸው መድከም ጀመረ፤ ቆይቶም ጭራሽ ዘጋ። ስፒከር መፈተን አልተዉም። መዳፋቸውን ፊቱ ላይ ያስደግፉና በንዝረቱ ይፈርዳሉ፤ ሴት ልጃቸው አጥሩ ጋ ቆማ ድምፁ ጥሩ ከሆነ እጇን ታነሣለች፣ «ታናሽ ወንድሜን» ሲል ታወርዳለች፤ ያኔ ያጠፉታል። ዘንድሮ ኩላሊታቸው ታሞ አልጋ ከያዙ በኋላ እንኳ ሁለት ትንንሽ ስፒከሮች አስመጥተው በመስኮት እያዩ አስፈተኑ። ልጃቸው እጇን አነሣች። ይህ የሚነበብላችሁ በእነዚያ ነው። «በኔ ቀን እነዚህን አቁሙ፤ ጀርባቸውን እንዳትሸፍኑ» ብለው ጻፉልኝ። ከሥሩም «ካሴቱን እኔ ከእንግዲህ አልሰማውም። አንቺ ስሚው» ይላል።

ሕክምናቸውን ሲከታተሉ ቆይተው ትናንት ማለዳ፣ በ2017 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በስልሳ አራት ዓመታቸው በመኖሪያ ቤታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን ትተው ሄደዋል።

ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ ይህን መጻፍ ስጀምር፣ በሩን ዘግቼ ካሴቱን ከፈትኩት። ከ«አንድ ነገር» በኋላ «አለ» ይላሉ ወንድማችን። ሰው ያጉረመርማል። ይስቃሉ፤ ሳቃቸውን ረስቼው ነበር። ከዚያ ከማይኩ ራቅ ብለው፣ ወደ ጎን ዞረው እንዲህ ይላሉ፦ «ኧረ አትሩጥ ወንድሜ፣ ትወድቃለህ። ድምፁ ጠፋ እንጂ እኔ መች ጠፋሁ። አትደንግጥ፣ የቀረውን ቤት ስንገባ እነግርሃለሁ።» ጭብጨባ አለ፣ የእግር ኮቴ አለ፣ አለቀ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት የደነገጡት «አትደንግጥ» የሚል ካሴት በኪሳቸው ይዘው ነው። ይህን ለማን አቤት እንደምል አላውቅም። ያቺ አንድ ነገር ምን እንደነበረች እኛ አናውቅም፤ የሚያውቁት አንድ ሰው ናቸው፣ እሳቸውም ቀድመው ሄደዋል። ፈጣሪ የጋሽ ሙከራን ነፍስ ይቀበልልን፤ ጆሯቸውን ይክፈትላቸው፤ ታላቃቸውን ደጅ ላይ ያቁምላቸው። ቤት ገብተዋልና የቀረውን ይንገሯቸው።