የሳፊያ ፎቶ በማዕከልዎ በደኅና ስለ መቀመጡ

ለተከበሩ የቦርከና የነዋሪዎች መረጃ ማከማቻ ማዕከል ኃላፊ
ኮምቦልቻ

አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ ለእርስዎ ጤናውን፣ ለማሽኖችዎ መብራቱን አያጓድል እያልኩ፣ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠላሳ ዓመት ያገለገልኩ ነዋሪዎ ለውለታዎ ሁሉ በአደባባይ ማመስገን ግዴታዬ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

፩. ባለሙያዎ እስከ ቅሬያችን፣ እስከ እድራችን ስብሰባ ድረስ መጥተው፣ እናንተ ዘንድ የገባ መረጃ እሳት እንደማይበላው፣ ጎርፍ እንደማይወስደው፣ ቤተሰብም በፈለገ ቀን አሳትሞ እንደሚወስድ ስላስተማሩን አመሰግናለሁ። እኔ ሞኙ አመንኩ። አምና ልጄ ሳፊያ በሃያ ሦስት ዓመቷ ስትሞትብን፣ ልብሷንም ስልኳንም ስለ እሷ ሰደቃ ሰጠን። ፊቷ በባዳ እጅ እንዳይዞር ብዬ በስልኩ የነበረውን ፎቶ ሁሉ በገዛ እጄ አጠፋሁት። እናንተ ዘንድ ባለው የነዋሪነት ማኅደሯ ላይ ያለው ጉርድ ፎቶ ይበቃናል ብዬ ነበር።

፪. ማኅደሩ ወደ ማሽን ከገባ በኋላ ወረቀቱን ከነጉርድ ፎቶው ስላስወገዳችሁልን አመሰግናለሁ። ቦታ ይይዝ ነበር።

፫. ፎቶዋን ልጠይቅ ስመጣ የመስኮቱ ሠራተኛ ወንበር ስቦ፣ «ባለመረጃዋ ራሷ በአካል ቀርባ በጣት አሻራዋ ካልፈቀደች አይከፈትም» ብሎ በትሕትና ስላስረዳኝ አመሰግናለሁ። የሞቷን ማስረጃ ከእጄ የተቀበለው እሱ ራሱ ነበር። ደንብ ደንብ ነው፤ ጥፋቱ የሳፊያ ነው፣ አፈር ሳትገባ መፍቀድ ነበረባት።

፬. ማሽኖቹን ሙቀት እንዳይነካቸው ሌት ተቀን እንደምታቀዘቅዟቸው ሰምቻለሁ። እንደ እኔው በፋብሪካው ተቀጥራ በፈትል ክፍሉ ሙቀት ስትንገላታ የኖረች ልጄ ዛሬ ነፋሻ ቦታ በመቀመጧ ደስ ብሎኛል።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ለእናቷ ለፈትሂያ ስል ነው። ባለፈው ጁምዓ ዱዓ አድርገን ስንጨርስ፣ «ፊቷ እየጠፋብኝ ነው» አለችኝ። በእኔም ላይ እየጠፋ ነው፤ አልነገርኳትም። ስልኩን ባዶ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ሁሉን ይዞ ምንም የማይመልሰው ማዕከልዎ ዕድሜው እንዲረዝም እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

መሕሙድ አምባዬ
የሳፊያ አባት

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን እንደ ፈረምኩ፣ ሳፊያ ስትመዘገብ ባስያዘችው በእኔ ስልክ ቁጥር መልእክታችሁ ደረሰኝ። «ውድ ሳፊያ፣ ፎቶግራፍዎ ስለቆየ አዲስ ለመነሳት በአካል ይቅረቡ» ይላል። እሷ መምጣት አትችልም። ለእናንተ ካረጀባችሁ፣ አሮጌውን ለእናቷ ስጧት።