ለጉድጓድ የተገዛ የተራራ ገመድ

ቶሪኖ፣ ኅዳር 12 ቀን 1959 ዓ.ም.

ወንድሜ ጀቤሳ፣

ዛሬ ጠዋት ሦስት ሱቅ ገብቼ ከሁለቱ ባዶ እጄን ወጣሁ። ሦስተኛው ተራራ ለሚወጡ ሰዎች ገመድ፣ ጫማና ወፍራም ካፖርት ይሸጣል። ባለሱቁ ሽማግሌ፣ «የትኛውን ተራራ ሊወጡ ነው?» አለኝ። በተሰባበረ ጣሊያንኛዬ፣ «እኔ አልወጣም፤ አቃቂ ጉድጓድ የሚቆፍር ወዳጄ ይወርድበታል» አልኩት። ከት ብሎ ሳቀና፣ «ገመዱ መውጣትና መውረድ አይለይም» ብሎ ከጣሪያው አግዳሚ ላይ አስሮ ተንጠለጠለበት። እኔም በካፖርቴና በባርኔጣዬ ተንጠለጠልኩ። ናይለን ስለሆነ መጀመሪያ ሲለጠጥ ያስደነግጣል፤ ግን ያዘኝ።

«ከቃጫ ሌላ አላምንም» እንደምትል አውቃለሁ። ቃጫውን የሸጥኩልህ እኔው ነኝ፤ ውሃ የጠጣ ቃጫ ከላይ ደህና መስሎ ከውስጥ እንደሚበሰብስም አሳምሬ አውቃለሁ። ያን አሮጌ ገመድ ባልዲ ሳብበት እንጂ፣ በልጆችህ ይዤሃለሁ፣ አትውረድበት።

ይህ ፖስታ ካርድ ጠበበኝ። ዳሲቱንና ልጆቹን ሳምልኝ፤ ለባለቤቴ ለሐጀራም ደህና መሆኔን ንገርልኝ። ለንግድ የገዛሁት ጨርቅ በመርከብ ይመጣል። ቁፋሮህ ግን መርከብ አይጠብቅም፤ ነገ ፖስታ ቤት ሄጄ ገመዱን በአውሮፕላን እልክልሃለሁ።

ሙህዲን