ዚያድ የተወልኝ ቡችላ

ለውድ እህቴ ለረዲያ፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን አለሽልኝ? ያ ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? ባለቤትሽ ሳቢትስ፣ ልጅሽ ሀሚዳስ ደህና ናቸው? የጅዳ ሙቀት ቀለል አለላችሁ? እኛ አልሃምዱሊላህ አለን፤ አለን ከተባለ። ስልክ ላይ ድምፅሽን ስሰማ ለቅሶ ይቀድመኛልና ይህን ቀስ ብዬ ጽፌ ለኩብራ ሰጥቻታለሁ፤ ለዑምራ ስትመጣ ታደርስልሻለች።

ባለፈው ስትደውዪ፣ «ልጅ የሞተበት ቤት ቁርኣን ይቀራበታል እንጂ ውሻ ይገባበታል እንዴ?» ብለሽ ተቆጣሽኝ። አልተቀየምኩሽም። ነገሩን በደንብ አልነገርኩሽም ነበር። ልጄ ዚያድ ለመጨረሻ ጊዜ ከጅቡቲ ሲመለስ በጭነት መኪናው ጋቢና ውስጥ በሻሽ ጠቅልሎ ያመጣት ቡችላ ናት። አረቦች ሰሉቂ የሚሉት፣ ሚዳቋ የሚያባርር ዘር ነው፤ እዚህ አገር አይታይም። አንድ የመናዊ ሽማግሌ ነው የሰጠው። አፏ ሹል፣ እግሯ እንደ ግልገል ረጅም፣ ጆሮዋ ላይ እንደ ሐር ያለ ፀጉር የተንጠለጠለባት። በኦሮምኛ ቡቤ አላት፤ ነፋስ ናት ብሎ። «እማ፣ ከፍ ስትል ሚኤሶ ሜዳ ወስጄ እለቃታለሁ፤ እስከዚያ አደራ» ብሎኝ ጭነት ሊያመጣ ወረደ። ከሚኤሶ ወዲያ መኪናው ተገልብጦ የሆነውን ታውቂዋለሽ።

ባለቤቴ አብዱልቃዲር ከቀብሩ በኋላ የልጁን ስም አልጠራም። ጫቱን ከገለምሶ ያመጣል፣ ይሸጣል፣ ይሰግዳል። ስለ ቡቤ ግን «ከቤት ትውጣልኝ፤ ልብሴን ከነካች ሶላቴ ይበላሽብኛል» አለ። ሄጄ ሼኹን ጠየቅኋቸው። የአደን ውሻ ማኖር ሸሪዓ ይፈቅዳል፣ ምራቋ የነካውን ግን ሰባት ጊዜ እጠቢ፣ አንዱን በአፈር አሉኝ። ስለዚህ በረንዳ ላይ አኖርኳት። አፈር በጣሳ ከውሃው ባልዲ አጠገብ አስቀምጬ ሳጥብ እውላለሁ።

ገንፎ በወተት እያላቆጥኩ፣ ከሥጋ ቤት ሳንባ እየለመንኩ አበላኋት፤ ቁመቷ ጨመረ እንጂ ጎኗ አልሞላ አለ። ጎረቤቴ ዘርፈሽዋል በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ «ሹክሪያ፣ ውሻዋንም ጾም አስያዝሻት እንዴ? ረመዳን መች ገባና!» ብትለኝ ሳቅኩ፤ ከዚያድ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር። ዘሩ ነው፣ አይወፍርም። ካልሮጠች ግን ታለቅሳለች። ከለቅሶው ወዲህ ግድ ካልሆነ ከደጅ የማልወጣው ሴት፣ በየጠዋቱ ይዣት ወደ ኳስ ሜዳው መውጣት ጀመርኩ። ስትሮጥ መሬት አትነካም፣ ረዲያ። የሰው ሰላምታ መቀበል የቻልኩት በእሷ ሰበብ ነው።

ኅዳር ሲገባ ብርዱ ጠናባት። ፀጉሯ ስስ ነው፣ የቆላ ፍጡር ናት። ወደ ውስጥ ላስገባት እልና አብዱልቃዲርን እፈራለሁ። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ወፍራም ጆንያ ለእግሯ ቦታ ተቀድዶለት፣ እንደ ካፖርት በገመድ ታስሮላት አገኘኋት። ማን አደረገው ብል አብዱልቃዲር ፊቱን አዙሮ «የእንስሳ ነፍስም አማና ነው፣ የአላህ አደራ ነው» አለኝ። እጁን በአፈር አጥቦ ገና አልደረቀም ነበር። ደስታዬን ዋጥ አድርጌ ወደ ጓዳ ገባሁ።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ምራቋ ይዝረበረብ፣ ሰውነቷ ይንዘፈዘፍ ጀመር። በባጃጅ ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድናት፤ ያቀፋት እሱ ነው፣ በነጭ ጀለቢያው ላይ። ሐኪሙ ጆንያውን አሸተተና ምን ይያዝበት እንደነበር ጠየቀ። ለካ ጫት ላይ የሚረጨው የተባይ መድኃኒት የሚመላለስበት ነው። አብዱልቃዲር ብርድ እንዳያስገባ ብሎ ወፍራሙን መርጦላት ነበር። «እንዲህ ስብ የሌለው ዘር መርዝ አይችልም፤ የሰፈር ውሻ ቢሆን ምናልባት ይተርፍ ነበር» አለ ሐኪሙ። መርፌም ወጋት፣ አልሆነም። ሳይመሽ አብዱልቃዲር እጅ ላይ ሞተች።

ቤት ስንገባ እጁንም ልብሱንም አላጠበም። በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ «ዚያድ፣ ዚያድዬ፣ አደራህን በገዛ እጄ ገደልኳት» እያለ አለቀሰ። እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ። ለልጃችን አብረን ያለቀስነው ያን ዕለት ነው።

የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ስትደውዪ ስልኩን የሚያነሳው እሱ ነው። «እንኳን ወጣችላችሁ፣ ቤቱ ጸዳ» እንዳትዪው። ስለ ውሻዋ ጨርሶ አታንሺበት። ዚያድን ግን ጠይቂው፤ አሁን ይመልስልሻል።

ለሳቢት አክብሮቴን አድርሺልኝ። ሀሚዳን ግንባሯን ሳሚልኝ፣ ዱዓ ታድርግልን። አላህ ከክፉ ይጠብቃችሁ።

እህትሽ ሹክሪያ
ጭሮ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.